ሱግና የጠየቀችው ወረቀት

ሱግና አምስት ዓመት ሙሉ የሉናሳር መንደር ምክር ቤት ሊቀመንበር ነበረች፤ በአምስቱ ዓመት ግን የምክር ቤቱን ደጃፍ የረገጠችው ሦስት ጊዜ ነው። ሁለቱን የባንዲራ በዓል ስለሆነ፣ ሦስተኛውን ፎቶ አንሺ ስለመጣ። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ሰው ካለ በኛ አገር ስላልኖረ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለች ሊቀመንበር በየመንደሩ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያ ዓመት ዕጣ ሲወጣ የሉናሳር ወንበር ለሴት ደረሰ። መንግሥት ሴቶች ይምሩ ብሎ ነው፤ ሐሳቡ መልካም ነበር። ወንዶቻችን ግን ለመልካም ሐሳብ መላ አያጡለትም። የሱግና ባል ባክታራም ለዚያ ወንበር ዓመታት ሙሉ ሲጋብዝና ሲያስታርቅ፣ ሰርግና ለቅሶ ሲደርስ የኖረ ሰው ነው። ለሴት ሆነ ሲባል አንድ ቀን ተክዞ ዋለና በማግስቱ የሚስቱን ስም አስመዘገበ። በምረጡኝ ወረቀቱ ላይ የሱ ፎቶ ትልቅ፣ የሷ ትንሽ ነበር፤ ያውም እስከ አገጯ ተከናንባ። ስታሸንፍ የአበባው ጉንጉን የገባው በሱ አንገት ነው። ሰዉም ሊቀመንበር እያለ የሚጠራው እሱን ሲሆን እሷን ያው እንደ ድሮው ካኪ፣ አክስት፣ ይላት ነበር።

ባክታራም ክፉ ሰው አልነበረም። ለምዝገባው ስሟን መጻፍ ያስተማራት ራሱ ነው፤ በጎተራው ሆድ ላይ በከሰል እየጻፈ፣ እየሳቀባትም እያበረታታትም፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ። ከዚያ በኋላ መዝገቡን ቤት ድረስ ያመጣላት ጀመር። ጸሐፊው ጌቫርቻንድ በረንዳው ላይ ሻዩን ይጠጣል፤ እሷ ከሊጡ ላይ ተነስታ እጇን ጠርጋ ትመጣለች፤ ባሏ ጣቱን ያሳረፈበት ላይ ስሟን ትጽፋለች። በእንግዳ ፊት ስለምትከናነብ ከጨርቁ ሥር የሚታያት የባሏ ጣትና የወረቀቱ ጠርዝ ብቻ ነበር። ምንድን ነው ብላ ጠይቃ አታውቅም። እናቴም አትጠይቅም ነበር፤ ስለዚህ እኔ በሱግና ለመፍረድ አፍ የለኝም።

ከፈረመቻቸው ሁሉ ምንነቱን የምታውቀው አንድ ብቻ ነበር። ከግጦሹ ዳር ለሰፈሩ አርባ ቤቶች በአንድ ቀን የቦታ ካርታ ፈረመች። ይህን የምታውቀው ሴቶቹ ስኳር ድንችና ጥሬ ስኳር ይዘው ሊያመሰግኗት ስለመጡ ነው። ከሁሉ ቀድማ የመጣችው ጎረቤቷ ኬሊ ነበረች። ኬሊ የሰማችውን ለፍየሎቿ ሳይቀር የምታወራ ሴት ናት፤ ልቧ ግን ንጹሕ ነው። ካርታዋን በብረት ሳጥኗ ውስጥ፣ ከሰርግ ልብሷ ሥር አስቀመጠችው፤ የሞተ አባቷን ፎቶ እንኳ ያን ያህል አትጠነቀቅለትም ነበር።

የሱግና ዘመን አለቀ፤ ወንበሩም ወደ ወንዶች ተመለሰ። ባክታራም በሁለተኛው ዓመት ልቡን ታሞ ሞተ። በዚያው ዓመት ከከተማው ጫፍ ያለው የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ በወል ግጦሻችን ሥር ቧንቧ ቀብሮ እጣቢውን ወደ ኩሬያችን ለቀቀው። ኩሬው አንድ ሳምንት ቀይ ይሆናል፤ አንድ ሳምንት ሰማያዊ። በከተማ ሴቶች ዘንድ ዘንድሮ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚለበስ የምናውቀው ከኩሬያችን ነበር። ከኩሬው አጠገብ ያለው ጉድጓድ የሰፈሩ ብቸኛ የሚጠጣ ውሃ ነው። መጀመሪያ ሻዩ ጣዕሙ ተለወጠ፤ ከዚያ የልጆቹ እግር ይቆስል ጀመር፤ ከዚያ የኬሊ ምራት ሁለት ጊዜ አስወረዳት። ከውሃው ይሁን ከሌላ ማንም አያውቅም። ማወቅ የነበረባቸው ሰዎችም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ኬሊ አንድ ጠዋት እንስራዋን አስቀምጣ ሱግናን አየቻት።

«አምስት ዓመት ተሾምሽ» አለች። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አሉ። አንቺ አልበላሽ፣ አላበላሽን። እስቲ አሁን እንኳ አንድ ነገር አድርጊልን።»

«እኔ ምን አቅም አለኝ?»

«ስምሽ እኮ አሁንም በምክር ቤቱ ግድግዳ ላይ በቀለም ተጽፏል። የኔ ስም የተጻፈው በማዳበሪያ ዕዳ ዝርዝር ላይ ብቻ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ሱግናም ሳቀች። ቤቷ ስትገባ ግን ነገሩ አልለቃት አለ። ልጇ ማንጊላል በዚያው ፋብሪካ የማሞቂያ ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ምሳውን የማሽላ ቂጣና አሬራ ቋጥራ የምትሰደው እሷ ናት። ፋብሪካውን መንካት የልጇን እንጀራ መንካት እንደሆነ ታውቃለች። ያም ሆኖ በማግስቱ ከሁለት ሴቶች ጋር አውቶቡስ ተሳፍራ የአውራጃው ጠበቃ ዘንድ ሄደች። ጠበቃው ሰምቶ ሲጨርስ፣ «ቧንቧ በወል መሬት ላይ በእግሩ አይሄድም። የፈቀደ ሰው አለ። የፍቃዱን ወረቀት አምጡልኝ፤ ያለሱ ፍርድ ቤት አልቆምም» አላቸው። ሁሉም በልባቸው ያሰቡት አዲሱን ሊቀመንበር ነው። ሱግናም ያሰበችው እሱን ነበር።

በአውራጃው መሥሪያ ቤት በር፣ ከኒም ዛፍ ሥር፣ ፑክራጅ የሚባል ጡረተኛ ፖስተኛ ማመልከቻ እየጻፈ ይኖራል። ሱግና ከተወለደችበት መንደር ነው፤ በኛ ወግ እህቱ ናት ማለት ነው፤ ፊቷን ሳትከናነብ ታናግረዋለች።

«በመረጃ ሕጉ እንጠይቃለን» አላት። «አሥር ሩፒ የፖስታ ቤት ክፍያ፣ አንድ ገጽ ማመልከቻ፣ ሠላሳ ቀን። በይ ንገሪኝ፣ ምን ልጻፍ?»

«ለምን ውሃችንን አበላሹት ብለው ይጻፉልኝ፣ ወንድም ጋሼ።»

ፑክራጅ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለምን የሚባል ነገር የለም። ሕጉ ያለ ወረቀት ነው የሚሰጥሽ፤ ምክንያት አይሰጥሽም። ለምን ብለሽ ከጻፍሽ፣ ይህ መረጃ አይደለም ብለው በደስታ ይመልሱልሻል። የዚህ ወረቀት ቅጂ፣ የዚያ ቃለ ጉባኤ ቅጂ፣ የውሃው ምርመራ ውጤት ቅጂ። እንዲህ ነው የሚባለው።»

«ታዲያ ለምን የሚለውን ማን ይመልሳል?»

«እሱን ለእግዚአብሔር አመልክቺ፤ እሱ ሠላሳ ቀን የለበትም።»

የመጀመሪያው ማመልከቻ በሃያ ዘጠነኛው ቀን ተመለሰ። የክፍያው ወረቀት መጻፍ የነበረበት በጸሐፊው ስም ሳይሆን በሒሳብ ሹሙ ስም ነው ተባለ። ሁለተኛው በሒሳብ ሹሙ ስም ተጽፎ ሄደ፤ በጸሐፊው ስም መሆን ነበረበት ተብሎ ተመለሰ። በሦስተኛው ላይ ፋይሉን ምስጥ በላው የሚል መልስ መጣ። ምስጡ የበላው የዚያን ወር ፋይል ብቻ ነው፤ ከፊትና ከኋላ ያሉትን አልነካም። የኛ አገር ምስጥ እንዲህ መርጦ ይበላል።

የውሃው ምርመራ ውጤት ግን መጣ። ሱግና ያን ቀን በደስታ ለሴቶቹ ሻይ አፈላች። ፑክራጅ መነጽሩን አድርጎ አነበበላቸው፤ ውሃው ንጹሕ ነው፣ ለመጠጥ ይሆናል ይላል። ከዚያ ታች በደቃቅ ፊደል ናሙናው የተቀዳበት ቦታ ተጽፏል። የቀዱት ከከተማው ከሚመጣው ከቤተ መቅደሱ ቧንቧ ነበር። ኬሊ ይህን ስትሰማ፣ «አምላክ የሚጠጣው ንጹሕ ከሆነ ይበቃል ብለው ነው» አለች፤ በዚያ ቀን ማንም አልሳቀም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈ። ሱግና ደጅ ስትጠና ጫማዋ ሦስቴ አለቀ። በመካከሉ አንድ ነገር ተማረች፤ ማንበብ። ሰው ፊደልን በልጅነቱ በመዝሙርና በተረት ይማራል፤ እሷ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ በማመልከቻ ተማረች። መጀመሪያ ያነበበችው ቃል «የአመልካች ስም» የሚለው ነው። ቀጥሎ «ውድቅ ተደርጓል» የሚለውን ለየች፤ እሱን ብዙ ጊዜ ስላየችው አልከበዳትም። ፑክራጅ እየጻፈ ያነብላታል፣ እሷ ጣቷን በፊደሉ ሥር ታስኬዳለች፤ ቀስ በቀስ ያለሱ ማንበብ ቻለች።

ይግባኙ ዋናው ከተማ ጃይፑር ድረስ፣ ወደ መረጃ ኮሚሽኑ ሄደ። ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ በኮሚሽኑ ፊት የቆመችው አራት ደቂቃ ያህል ነው። ኮሚሽነሩ ሰነዱን አገላብጦ ጌቫርቻንድን፣ «ምስጡ የበላውን ፋይል ቁጥርና ገጽ አሟልተህ ጽፈሃል፤ በልቶት ከሆነ በምን ቆጠርከው?» አለው። በአሥር ቀን ውስጥ አመልካቿ ፋይሉን በዓይኗ ትየው፣ የፈለገችውንም ቅጂ ያለ ክፍያ ትውሰድ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ሱግና ከዚያ ስትወጣ እግሯ መሬት የነካ አልመሰላትም ነበር። ማሸነፍ ማለት እንዲህ ነው ብላ አሰበች።

በተቀጠረው ቀን ብቻዋን ወደ ምክር ቤቱ ሄደች። ጌቫርቻንድ ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ ሻይም አዘዘላት። ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ በክር ታስሮ፤ እሱ ግን እጁን ከላዩ አላነሳም።

«ካኪ፣ እንደ እናቴ ነው የማይዎት» አላት። «ማመልከቻውን አንስቻለሁ ብለው ይፈርሙልኝ። እኔ ራሴ ወደ ቤትዎ አደርስዎታለሁ።»

«እናትዎ የኛን ጉድጓድ ውሃ ይጠጣሉ?»

«ለርስዎ ብዬ ነው የምለው።»

«ጸሐፊ ሳሄብ፣ ጌታዬ፣ ሁለት ዓመት ለርስዎ ብዬ ሲሉኝ ኖረዋል። እጅዎን ያንሱልኝ።»

እጁን አነሳ። ሱግና ክሩን ፈታች። ለወንዝ እንጂ ለሰው የማይሆን ትዕግሥት ነበራት፤ እያንዳንዱን ገጽ ጣቷን አስኪዳ ከላይ እስከ ታች አነበበች። ቃለ ጉባኤውን ያገኘችው ከመካከሉ ነው። የማቅለሚያ ፋብሪካው የእጣቢ ውሃ ቧንቧ በወል ግጦሹ ሥር አልፎ ወደ ኩሬው እንዲገባ በአንድ ድምፅ ተፈቅዷል ይላል። ቀኑን አየች። የአዲሱ ሊቀመንበር ዘመን አይደለም፤ የሷ ዘመን የመጨረሻ ወር ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት፣ ሊቀመንበር ሱግና ዴቪ። ከሥሩ በጎተራው ላይ የተማረችው፣ ጎበጥ ያለው የገዛ ፊርማዋ ነበር።

ደግማ አነበበችው። ጽሑፉ የጌቫርቻንድ እጅ ነው። ከላይ ሰፋ ሰፋ ብሎ ይጀምርና ወደ ፊርማዋ ሲቀርብ እየደቀቀ፣ እየተጨናነቀ ይመጣል፤ የመጨረሻው መስመር ቦታ አጥቶ በፊርማዋ ራስ ላይ ወጥቷል። ሊጥ ከምጣዱ ሲተርፍ ያየች ሴት ይህን ለማወቅ ሰው አያስፈልጋትም፤ ፊርማው ቀድሞ ነበር፣ ጽሑፉ በኋላ ገባ።

«ባዶ ነበር» አለች።

ጌቫርቻንድ ሻዩን ጠጣ። «ምኑ?»

«ወረቀቱ። ስፈርምበት ባዶ ነበር።»

«ማንጊላል ፋብሪካው የገባው መቼ ነው፣ ካኪ?»

ሱግና ቀኑን እንደገና አየች። ልጇ ሥራ ያገኘው በዚያው ወር ነው። ባክታራም ያን ዕለት ጣፋጭ ገዝቶ ገብቶ ነበር። የሟቹን ስም በአንደበቷ ጠርታ አታውቅም፤ በኛ ወግ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። አሁን ግን በልቧ ስሙን ጠራችው፣ ደጋግማ፣ በቁጣ።

«ቅጂውን ይስጡኝ» አለች።

«እሰጣለሁ፤ ትእዛዝ ነው። ግን አንድ ነገር ይስሙኝ። ባዶ ወረቀት ላይ ነው የፈረምኩት ብለው ቢምሉ፣ የፋብሪካው ጠበቃ በማግስቱ ምን እንደሚል ያውቃሉ? ይህች ሴት አምስት ዓመት ሙሉ ምን እንደምትፈርም አታውቅም ነበር ይላል። ታዲያ አርባውን ካርታ የፈረመው ማን ነው ይላል። አንዱ ፊርማ ዕውር፣ አንዱ ዓይናማ ሊሆን አይችልም። እነዚያ ቤቶችም የተሠሩት ከግጦሹ ዳር ነው፤ ፋብሪካው ደግሞ መጋዘን የሚሠራበት ቦታ ከፈለገ ሰነበተ።» ድምፁ ክፋት አልነበረበትም። የአየር ሁኔታ የሚናገር ሰው ድምፅ ነበር።

ሱግና ቅጂውን በመከናነቢያዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች። ጉድጓዱ ዘንድ ሴቶቹ ይጠብቋት ነበር፤ ኬሊ ከሩቅ፣ «ተገኘ?» ብላ ጠየቀቻት። «ገና ነው» አለች ሱግና። ከዚያ በፊት ኬሊን ዋሽታት አታውቅም ነበር።

በማግስቱ ፑክራጅ ወረቀቱን አየና መነጽሩን አወለቀ።

«ጌቫርቻንድ ሌባ ነው፤ ያለው ግን እውነት ነው» አላት። «የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን ትጥያለሽ። አላውቅም ነበር ካልሽ ቧንቧው ሊነሳ ይችላል፤ አርባው ቤት ግን አብሮ ይናወጣል። ዝም ካልሽ ደግሞ ቧንቧው ይኖራል።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

ሽማግሌው ዓይኑን ወደ ዛፉ አዞረ።

«ይንገሩኝ፣ ወንድም ጋሼ። ለምን የሚለውን አልጠየቅኩም። መንገዱን ብቻ ነው የጠየቅኩት።»

«አውቄ ነው ካልሽ» አለ ፑክራጅ። «ሊቀመንበር የወል ግጦሽ የመስጠት ሥልጣን የለውም፤ ያውም ጠቅላላ ጉባኤ ሳይጠራ። አውቄ፣ ሕግ ጥሼ ነው የፈቀድኩት ካልሽ ይህች አንዲት ፍቃድ ብቻ ትሰረዛለች። ሌላው ፊርማሽ የሚያውቅ ሰው ፊርማ ነው፤ ማንም አይነካውም። የምትነኪው አንቺ ብቻ ነሽ። እህቴ፣ ይህን አትስሚኝ። የባልሽን ኃጢአት ለምን ትሸከሚያለሽ?»

«እሱማ ሞቷል» አለች ሱግና። «አሁን ቢጠሩት አይመጣም።»

ማንጊላል ሲሰማ እናቱ ላይ ጮኸ፤ ከዚያ አለቀሰ፤ ከዚያ፣ «የአባቴን ስም በአደባባይ ልታነሺ ነው?» አላት። «የአባትህን ስም አላነሳም» አለችው። ሥራዬስ ብሎ አልጠየቃትም፤ ሁለቱም ያውቁት ነበር። እሷም ወረቀቱን ለጠበቃው ላከች።

በጠበቃው አቤቱታ ከወር በኋላ ከአውራጃው መርማሪ ሹም መጣ። ችሎቱ የተደረገው በምክር ቤቱ አዳራሽ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ በመስኮትና በበር ታጭቆ ነበር፤ ኬሊ ከፊት ናት። አምስተኛ ጊዜዋ ነው ሱግና ያን ደጃፍ ስትረግጥ። የፋብሪካው ጠበቃ ወፍራም ፋይል ይዞ ተቀምጧል፤ አርባው ካርታ በውስጡ እንዳለ ጌቫርቻንድ በዓይኑ ነገራት።

«ይህ ፊርማ የማን ነው?» አለ መርማሪው።

«የኔ ነው።»

ከመስኮቱ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ የኬሊ ነበር።

«ሲፈርሙ ከላይ የተጻፈውን ያውቁ ነበር?»

ሱግና የፋብሪካውን ጠበቃ አየችው፤ እስክሪብቶውን ከፍቶ የምትለውን ቃል ይጠብቃል። አላውቅም እንድትል የሚመኘው እሱ ነበር።

«አውቅ ነበር» አለች።

«ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቷል?»

«አልተጠራም።»

«የወል ግጦሽ መስጠት እንደማይቻል ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«መዝገቡን ያመጣልዎት፣ ፈርሚ ያለዎት ሰው አለ?»

«የለም። ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ።»

ጌቫርቻንድ ቀና ብሎ አያት፤ የሱም ስም እንዳልተነሳ የገባው ያን ጊዜ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያ ሰው ዛሬም ደመወዙን ይበላል፤ ዛሬም ማመልከቻ የሚቀበለው እሱ ነው። እሱን ብታነሳ ግን ባዶው ወረቀት ይነሳል፤ ባዶው ወረቀት ከተነሳ አርባው ቤት ይነሳል።

«እንግዲያ ምን ብለው ፈቀዱ?»

«ልጄ ሥራ እንዲያገኝ ብዬ።»

በመስኮቱ ያለው ሕዝብ ጉርምርምታ አሰማ። ማንጊላል ከኋላ ቆሞ ነበር፤ ሹልክ ብሎ ወጣ። መርማሪው ቃሏን አስጽፎ አነበበላት፤ እሷም፣ «እኔ ራሴ ላንብበው» አለች። ጣቷን አስኪዳ እስከ መጨረሻው አነበበችው። በሕይወቷ አንብባ የፈረመችበት የመጀመሪያው የመንግሥት ወረቀት እሱ ነው፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ግን ውሸት ነበር።

ፍቃዱ በሦስተኛው ወር ተሰረዘ። ቧንቧው ተቆፍሮ ወጣ፤ ልጆቹ ቁርጥራጩን መጫወቻ አደረጉት። ማንጊላል ከሥራ ተባረረና ሚስቱን ይዞ ወደ ጆድፑር ሄደ፤ ደብዳቤ አይጽፍም። በሱግና ስም ክስ ተከፈተ፤ ቀጠሮው ይኸው እስካሁን ይመላለሳል። ስሟን ከምክር ቤቱ ግድግዳ ላይ በኖራ አጠፉት። አርባው ካርታ ግን አልተነካም። ጉድጓዱ ገና አልጠራም፤ መሬት የጠጣውን ቶሎ አይተፋም፤ አሁን ከሱ የሚቀዳው ለልብስና ለከብት ነው፤ ለመጠጥ ቦቴ ይመጣል። የሱግና ቃል በፋይሉ ውስጥ አለ፤ አሥር ሩፒ የከፈለ ማንም ሰው ቅጂውን ይወስዳል። ከልጇ ሌላ እውነቱን የሚያውቁት ፑክራጅና ጌቫርቻንድ ናቸው፤ አንዱ እንዳይናገር ምሎላታል፣ አንዱ ቢናገር አይጠቅመውም።

ከችሎቱ በኋላ ኬሊ ግማሽ ዓመት ያህል አላናገረቻትም። አንድ ጠዋት ግን ጉድጓዱ ዘንድ ሁለቱ ብቻ ተገናኙ። ኬሊ ባልዲዋን አወጣች፣ እንስራዋን ሞላች፣ ግን አልሄደችም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሱግና» አለች፣ ወደሷ ሳታይ። «እኔ ሞኝ አይደለሁም። ባሌ ሲያስፈርመኝ ምን እንደሆነ አውቄ አላውቅም። አንቺም እንደኔ ነሽ። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የፈረምኩት በይኝ። ለኔ ብቻ። እዚሁ ይቅር።»

ሱግና ይህን አንድ ጥያቄ ሰው ይጠይቀኛል ብላ ከችሎቱ ቀን ጀምሮ ስትጠብቅ ነበር። ኬሊን አየቻት። ኬሊ ዛሬ ትሰማለች፣ ታለቅሳለች፣ ትምላለች፤ ነገ ለምራቷ፣ ከነገ ወዲያ ለቦቴው ሾፌር ትናገራለች፤ በሳምንቱ የፋብሪካው ጠበቃ ጆሮ ይደርሳል። የኬሊ ቤት ጭስ ከግጦሹ ዳር ይታያል። ሆድ ይፍጀው ማለት ለሌላ ሰው ቀላል ነው።

«አውቄ ነው» አለች።

ኬሊ ከጉድጓዱ አፍ ተነሳች። «ለልጅሽ ሥራ።»

«ለልጄ ሥራ።»

«የምራቴ ልጆች ሁለት ነበሩ» አለች ኬሊ። እንስራዋን በራሷ ላይ አስተካክላ ሄደች። ሱግና ተራዋ ስለደረሰ ገመዱን ይዛ ባልዲውን ወደ ታች ለቀቀችው።